አጭሩ ሕክምና ለማን?

«ሕክምናው አምስት ሳምንት ይፈጃል» የሚለው የሐኪም ቃል ለሁሉም ሰው አንድ ትርጉም የለውም። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አጠገብ ለሚኖር የየዕለት ደርሶ መልስ ነው። ለፎንቆ ገበሬ ግን ያልታጨደ ስንዴ፣ የአልጋ ኪራይና የአስታማሚ ቀለብ ነው። የፎንቆ ጎረቤት ሆሳዕና ከአዲስ አበባ 230 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ ጥቁር አንበሳ ደግሞ ከሃያ ዓመት በላይ የአገሪቱ ብቸኛ የጨረር ሕክምና መስጫ ሆኖ ኖሯል። የርቀቱን ዕዳ የከፈለው በሽተኛው ነው።

በጡንቻ፣ በስብና በመሳሰሉት ለስላሳ አካላት ላይ የሚነሣውን ካንሰር ሐኪሞች ሳርኮማ ይሉታል። ከቀዶ ሕክምናው አስቀድሞ ጨረር የሚሰጠው ዕጢው ከወጣ በኋላ በዚያው ቦታ ዳግም እንዳያቆጠቁጥ ነው። የተለመደው መጠን 50 ግሬይ ሲሆን፣ በ25 ቀን ተከፋፍሎ አምስት ሳምንት ይወስዳል። አሁን ይህ ጊዜ ወደ ሦስት ሳምንት፣ አልፎ አልፎም ወደ አምስት ቀን እያጠረ ነው። በቴክሳስ ኤም ዲ አንደርሰን የካንሰር ማዕከል ለ120 ሕሙማን 42.75 ግሬይ በ15 ቀን ተሰጥቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣው ውጤት መሠረት ከባድ የቁስል ችግር የገጠማቸው 31 ከመቶ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2002 በታተመው የካናዳ ጥናት፣ በአምስት ሳምንቱ ሕክምና ቁጥሩ 35 ከመቶ ነበር። ሁለቱ ጥናቶች ጎን ለጎን የተካሄዱ ባይሆኑም ተስፋ ይሰጣሉ። ዘግይቶ የሚመጣው የእግር ማበጥና የመገጣጠሚያ መድረቅ ግን ዓመታት ጠብቆ የሚታይ ነው።

አጭሩ ሕክምና ለሩቅ አገር ድሃ «ይበቃዋል» ተብሎ የሚታደል ከሆነ ምጽዋት ይሆናል። ረጅሙን ብቻ ይዞ መሟገትም ደግነት አይመስለኝም። ገበሬው ገንዘቡ አልቆ ሕክምናውን አቋርጦ ቢመለስ፣ በካርዱ ላይ የተጻፈው 50 ግሬይ ምን ይፈይድለታል?

«ችግር ያስመረጠው ምርጫ ምርጫ ነው ወይ?» የሚል አንባቢ ይኖራል። እውነት ነው፤ ባዶ ኪስ አፍ ያስይዛል። ቢሆንም የታወቀውንና ገና ያልታወቀውን ሳይነግሩ በእርሱ ፈንታ መወሰን፣ ገንዘብ ያጣውን ሰው ቃሉንም ማሳጣት ነው። ስለዚህ አጭሩ ሕክምና ተገቢ ነው ከተባለ፣ ለሆስፒታሉ ጎረቤትም በዚያው ቃል ይቅረብለት። ረጅሙ ይሻላል ከተባለም፣ የአምስት ሳምንቱን ማደሪያና ቀለብ አብረን እናስብ። ዛሬ የበሽተኛውን ግሬይ የሚቆጥር ባለሙያ አለ፤ ከቤቱ ርቆ የሚያድራቸውን ሌሊቶች የሚቆጥርለት ማን ነው?