የኦርዮ ስም

ልጅ ሊዳር ሲታሰብ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ዘር ይቆጥራሉ። እስከ ሰባት ቤት ሲወርዱ ከትዳር ውጭ የተወለደውን፣ ቤተሰቡ የካደውን፣ አገር ጥሎ የጠፋውን አይዘሉም። ያሳፍራል ብለው አንዱን ቢዘሉ ዘመድና ዘመድ ሊያጋቡ ነውና እውነቱን ያወጡታል። እነዚያው ሽማግሌዎች በሳምንቱ ቀብር ሲወጡ ደግሞ ሌላ ዓይነት ቆጠራ ይሰማሉ። የሟች የሕይወት ታሪክ ሲነበብ «ጠላትን ካርበደበዱት ከአርበኛ እገሌ ተወለዱ» ይባላል። በቆምሁበት ቀብር ሁሉ «ለጠላት ካደሩት ከእገሌ ተወለዱ» ሲባል ሰምቼ አላውቅም። ባንዳ የተባለው ሁሉ ልጅ ሳይወልድ ሞቶ ይሆን?

ወገኖቼ፣ ይህን ማንሣቴ አርበኞቻችንን ለማቃለል አይደለም። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በዱር በገደል የከረሙት ሰዎች ያዩትን መከራ እኛ አንድ ሳምንት አንችለውም። የማነሣው ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ወጣት ይዞልኝ ስለመጣው ጥያቄ ነው።

ልጁ የአያቱን ታሪክ ሊጽፍ ተነሥቷል። ሳሎናቸው የተሰቀለው ፎቶግራፍ በእናንተም ቤት ሳይኖር አይቀርም፤ ጎፈሬ፣ ካባ፣ ደረት ላይ ሜዳይ። የጎጃም ሰው ናቸው። ልጁ በሕይወት ያሉትን የአያቱን ታናሽ እኅት ሄዶ ሲጠይቅ አሮጊቷ ምንም ሳይከብዳቸው፣ «ጋሼማ መጀመሪያ ለጣሊያን አድሮ ነበር። አገሩ ሲነሣ ጊዜ ነው ጠመንጃውን እንደያዘ የከዳው» አሉት። ሌላም ጨመሩለት። አያቱ ጫካ ሳሉ ጭፍሮቻቸው ከማዶው መንደር የአንድ ገበሬ በሬ ነድተው አርደዋል። «ሰውዬው በዚያ ዓመት አላረሰም» አሉ።

ልጁ ደብተሩን ይዞ መጥቶ፣ «አባ፣ ይህን ልተወው ወይስ ልጻፈው? አጎቶቼ ከጻፍኸው አናውቅህም ብለውኛል» አለኝ።

የአጎቶቹ ቁጣ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። በ1930 ጎጃም በጠላት ላይ ሲነሣ፣ ከተነሡት ውስጥ የታጠቁትን መሣሪያ ከራሱ ከጠላት እጅ የተቀበሉም ነበሩበት። ያን ጊዜ ይህ ነውር አልነበረም፤ የጠላትን ጥይት በጠላት ላይ መተኮስ እንዲያውም ያስቃል። ነውር የሆነው ኋላ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 አዲስ አበባ ከገቡ በኋላ፣ ማንበብና መጻፍ የሚያውቅ አስተዳዳሪ ጥቂት ነበርና ለጣሊያን ያገለገሉ ሰዎች ከሹመት አልተለዩም። ብዙ አርበኛ በዚህ ተከፋ። የጎጃሙ አርበኛ በላይ ዘለቀ ራሱ በ1937 በስቅላት ሞተ። መሬቱም ሹመቱም ሜዳዩም «ማን የት ነበር?» በሚል ጥያቄ የሚገኝና የሚታጣ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ቤት ታሪኩን እያጠበ ማስጣት ያዘ። አጎቶቹ የወረሱት ያንን የታጠበውን ነው።

ለልጁ የማቴዎስን ወንጌል አንደኛ ምዕራፍ ገለጥሁለት። ብዙዎቻችን ስም ብቻ ነው ብለን የምንዘለው ምዕራፍ ነው። ወንጌላዊው የጌታን የትውልድ ሐረግ ሲቆጥር ዳዊት ዘንድ ይደርሳል። ሰሎሞንን የወለደችውን ሴት ግን ቤርሳቤህ ብሎ በስሟ አይጠራትም፤ የኦርዮ ሚስት ይላታል። ኦርዮ ማን ነው? ኬጢያዊ ነው፣ ባዕድ ነው፣ ወታደር ነው። የዳዊት ኃያላን በሁለተኛ ሳሙኤል 23 ሲዘረዘሩ ቁጥራቸው 37 ነው፤ መጨረሻ ላይ የተጻፈው እሱ ነው። ጓዶቹ ሜዳ ላይ ሰፍረው ሳለ እኔ ቤቴ ገብቼ አልተኛም ብሎ ከንጉሥ አሽከሮች ጋር በር ላይ ያደረ ሰው ነው። በማግስቱ ዳዊት ቢያሰክረውም ቤቱ አልገባም። በመጨረሻ ሚስቱን የወሰደበት ዳዊት የጻፈውን፣ የራሱን ሞት የያዘውን ደብዳቤ ለጦር አለቃው ለኢዮአብ ያደረሰው በገዛ እጁ ነው።

ይህ ሰው ከዳዊት ዘር አይደለም። ልጅ እንደነበረው እንኳ አልተጻፈም። ማቴዎስ በዳዊት ቤት ለሚኮሩ አይሁድ እየጻፈ ስለሆነ ስሙን ቢዘለው ማንም አይጠይቀውም ነበር። እሱ ግን የተገዳዩን ስም ከገዳዩ ትውልድ መካከል አኖረው። ጌታችን በሥጋ የመጣው በዚያ ሐረግ ነው፤ አልታጠበለትም።

ነቢዩ ናታንም ዳዊትን ሲገሥጽ የተናገረው ስለ ጦር ሜዳ አልነበረም፤ አንዲት በግ ብቻ ስለነበረችው ድሃ ነበር። የማዶው ገበሬ በሬ ትዝ ያለኝ እዚህ ላይ ነው። አዎን፣ ልዩነት አለው። ዳዊት ጠግቦ ነው የወሰደው፤ የልጁ አያት ተርበው፣ ለአገር ሲዋጉ። ረሀብ በደልን ያቀልላል ብዬ አምናለሁ። ያላረሰውን ዓመት ግን አይመልስም። አርበኛውን ያበላው ማን ነው ብንል ያ ገበሬ ነው፤ ስሙ ግን በማንም ፎቶግራፍ ሥር አልተጻፈም።

ለጠላት ማደራቸውንስ? እኔ እንደሚመስለኝ የአያቱ ታሪክ ሞገስ ያለው እዚያ ላይ ነው። ደመወዙን፣ ቀለቡን፣ ጌታውን ትቶ በአንድ ሌሊት ወደ ወገኑ የዞረ ሰው፣ ከየት እንደዞረ ካልተነገረ ምን ያህል እንደተራመደ ማን ያውቃል? ጴጥሮስ መካዱን አራቱም ወንጌላውያን ጽፈውበታል። ሰማዕትነቱ በዚያ አልቀነሰም።

ስለዚህ ለልጁ እንዲጽፈው ነገርሁት። የማዶው ገበሬ የልጅ ልጆች ዛሬም እዚያው መንደር እንዳሉ አሮጊቷ ነግረውታል። ሄዶ የሰውየውን የክርስትና ስም ጠይቆ እንዲያመጣልኝ አዘዝሁት። ቤተሰቡ ለአያቱ ዝክር በሚያወጣበት ቀን፣ ከእሳቸው ስም አስከትዬ በጸሎት እጠራዋለሁ። አጎቶቹ ቅር ካላቸው ልጁን አይቆጡት፤ ወደ እኔ ይምጡ።