ስለ ዝምታ ሐሰት

የተወደድህ አንባቢ ሆይ፤ አፍ ሳይናገር የሚዋሽ ውሸት እንዳለ ታውቃለህን? እኔ ይህን ለሌሎች ስሰብክ ብዙ ዘመን ኖርሁ፤ በገዛ ራሴ ያየሁት ግን በእንግሊዝ አገር፥ በቦይ ላይ በጀልባ ስሄድ በዋልሁበት በአንድ የበጋ ቀን ነው።

በዚያ አገር ታርደቢግ የሚባል መንደር አለ። ከዎስተር ወደ በርሚንግሃም የሚደርሰው ቦይ፥ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1815 ዓመት ተፈጽሞ የተከፈተው፥ የዚያን ስፍራ ዳገት በ30 ደረጃዎች ይወጣል። ውሃ ዳገት እንዴት ይወጣል ትል ይሆናል። ደረጃው እንግሊዞች ሎክ የሚሉት ነው፤ ወርዱ 7 ጫማ፥ ርዝመቱ 72 ጫማ ያህል የሆነ ጠባብ ግንብ ሲሆን በላይና በታች በር አለው። ጀልባው ከታች ሲገባ የታችኛው በር ይዘጋል፤ ከዚያ በላይ በኩል ያለውን የውሃ መክደኛ በእጅ ማዞሪያ ሲያነሡት ውሃው ይገባል፥ ጀልባውም ከውሃው ጋራ ቀስ እያለ ይነሣል። የውስጡና የውጭው ውሃ እኩል እስኪሆን ድረስ ግን የሰው ጕልበት በሩን አይከፍተውም። እኔ በችኰላዬ ሁለት ጊዜ ገፋሁት፤ ባለ ጀልባው ሽማግሌ ሳቀብኝ። በአንዱ ሎክ አንድ ጊዜ ለማለፍ ከመቶ ሺህ ሊትር የሚበልጥ ውሃ ወደ ታች ይወርዳል፤ ስለዚህ ያነሡትን መክደኛ መልሶ መዝጋት የዚያ መንገድ ሕግ ነው፤ ውሃው የሁሉ ነውና።

ሽማግሌው ጨዋታ ዐዋቂ ነበረ። በዚህ ስፍራ ሮልት የሚባል ጸሓፊ በጀልባው ይኖር እንደ ነበረ፥ በ1945 ሮበርት ኤክማን መጥቶ እንዳገኘው፥ በ1946ም ስለ ቦዮቹ መዳን የሚከራከር ማኅበር እንደ ተመሠረተ አጫወተኝ። እኔም ይህን ስሰማ ሳለሁ፥ 12ኛውን ሎክ አልፈን ስንወጣ መክደኛውን ሳልዘጋ ቀረሁ።

ጥቂት ዳር ይዘን ዳቦ ስንቈርስ ጀልባው ዘንበል አለ፤ ሳህኑም ከገበታው ተንሸራተተ። ወጥተን ብናይ ውሃው ጐድሎ የቦዩ ጭቃ ታየ። በኋላችን የሚመጡ ባልና ሚስት ሎኩን ሊያጐድሉ የታችኛውን መክደኛ ከፍተው ነበር፤ የላይኛው ግን ክፍት ስለ ሆነ እኛ የቆምንበት ውሃ በሎኩ ውስጥ አልፎ ወደ ታች ይሮጥ ነበር። ባልም ተቈጥቶ ዳገቱን ወጣና፥ «ይህን የተወው ማነው?» አለ። ሽማግሌው ባርኔጣውን አውልቆ፥ «እርጅና ነው፤ እኔ ረስቼው ይሆናል፤ ይቅር በሉኝ» አለ።

ወንድሜ ሆይ፤ የማዞሪያው ብረት በእኔ መታጠቂያ ተሰክቶ ነበር። እኔም ዝም አልሁ። ልቤም ምክንያት አበጀልኝ፦ «እንግዳ ነህ፤ ቋንቋቸውንም እንደ እነርሱ አታቀናም፤ እርሱ ወዶ የተቀበለውን አሁን ብትናገር ታሳፍረዋለህ» አለኝ። እነሆ፥ ፍርሃቴን ትሕትና ብዬ ጠራሁት። ጴጥሮስ በአፉ ተናግሮ ካደ፤ እኔ ግን አንድ ቃል እንኳ ሳላወጣ ካድሁ።

ከላይኞቹ ሎኮች ውሃ እየለቀቅን ጀልባው እስኪንሳፈፍ ድረስ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆየን። ከዚያ በኋላ አምስት ሎክ ወጣን፤ ሽማግሌውም በየሎኩ እየተመለሰ መክደኛውን ያይ ጀመር፤ እኔን ተጠራጥሮ አይደለም፥ ራሱን ተጠራጥሮ እንጂ። አንድ ጊዜም ከመንገድ ተመልሶ ሁለተኛ አየው። ለካ የእኔ ዝምታ ሽማግሌው በገዛ አእምሮው ላይ የነበረውን እምነት ወስዶበት ኖሯል! የቦዩን ጕድለት ውሃ ሞላው፤ ይህን ግን ምን ይሞላዋል?

በስድስተኛው ሎክ ላይ፥ «አባቴ፥ የረሳሁት እኔ ነኝ» አልሁት።

ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ ቆየና፥ «ማስታወሴ ጠፋ ብዬ ፈርቼ ነበር» አለ። ከዚያም በእጁ ወደ ታች አመልክቶ፥ «እነዚያስ?» አለኝ።

በቦዩ ዳር በእግሬ ወረድሁ። ባልና ሚስቱ ገና ሁለት ሎክ ብቻ ወጥተው አገኘኋቸው። ነገሬን ስጨርስ ሰውዬው መልስ አልሰጠኝም፤ በሩ የሚገፋበትን ግንድ ብቻ አሳየኝ። እኔም ጀርባዬን ሰጥቼ ገፋሁ፤ በየሎኩም መክደኛውን እየዘጋሁ እስከ ሽማግሌው ጀልባ ድረስ አብሬአቸው ወጣሁ።