የዓለምን ታሪክ የሚመረምር ሰው ሚዛኑ ምን ሊሆን ይገባዋል?

ከፍርድ ሁሉ የሚከብደው ባለጉዳዮቹ በሌሉበት የሚሰጠው ፍርድ ነው። የታሪክ አንባቢ የሚቀመጥበት ወንበርም እንዲህ ያለ ነው፤ ከሳሹም ተከሳሹም ሞተዋል፥ የቀረው የጸሐፊው ቃል ብቻ ነው፤ ጸሐፊውም ብዙውን ጊዜ ከሁለቱ የአንደኛው ወገን ነው። እንግዲህ እያንዳንዱ ሕዝብ ታሪኩን ለራሱ እንደሚስማማው አድርጎ የሚጽፍ ከሆነ፥ በሩቅ አገር ሆኖ የሚያነበው ሰው ማንን አምኖ በማን ላይ ይፈርዳል? ወይስ ከቶ ሳይፈርድ ሁሉን እንደ ተረት ሰምቶ ይለፍ?

ይህ ጥያቄ ለኢትዮጵያ ሰው እንግዳ አይደለም። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል በሁለት ቋንቋ ተጽፎ ነበር። የአማርኛው 17ኛ ክፍል ንጉሠ ነገሥቱ ከኤሮፓ መንግሥታት ጋር ላላቸው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት አጋዥነት ሊጠቀሙ እንደሚቻላቸው ሲናገር፥ የኢጣልያንኛው ግን ፈቃዱን ወደ ግዴታ ለወጠው። በአንድ ቃል መለወጥ የአንድ መንግሥት ነጻነት ተነክቶ ነበር። የኢጣልያንኛውን ብቻ ያነበበ ሰው ኢትዮጵያን ውል አፍራሽ ይላታል፤ ሁለቱን ያነበበ ግን የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ ያ ሁሉ ደም ስለ ምን እንደ ፈሰሰ ያውቃል።

ያለ ሁለት ወይም ሦስት ምስክር ነገር እንዳይጸና በኦሪት መታዘዙ ለሸንጎ ብቻ አይደለም። በራሱ አገር ነገር «ሁለተኛው ምስክር ይሰማልኝ» ብሎ የሚጮኽ ሰው፥ በሌላውም አገር ነገር ሁለተኛውን ምስክር የመስማት ዕዳ አለበት።

በ1839 (የውጭ አገሩ ዘመን ሁሉ በኤሮፓ አቈጣጠር ነው) ሊን ዜሹ የተባለው የቻይና ንጉሥ ሹም ወደ ካንቶን ወረደ፤ የእንግሊዝ ነጋዴዎች ካመጡት፥ በቻይና ሕግ ከተከለከለው ኦፒየም ከተባለው አደንዛዥ ዕፅ ከ20,000 የሚበልጥ ሣጥን ተረክቦ፥ በሁመን ባሕር ዳር በጨውና በኖራ አሟሙቶ አስፈሰሰው። እንግሊዝ ስለዚህ ጦር ላከች። በ1842 በናንኪን ውል ቻይና 21 ሚሊዮን የብር ዶላር ልትከፍል፥ አምስት ወደቦች ለንግድ ልትከፍት፥ የሆንግ ኮንግንም ደሴት ልትለቅ ተገደደች፤ ደሴቲቱም የተመለሰችላት በ1997 ነው። ይህን አንዱ ወገን የንግድን በር ለመክፈት የተደረገ ጦርነት ይለዋል፤ ቻይናውያን ግን የውርደታቸው ዘመን መጀመሪያ አድርገው ለልጆቻቸው ያስተምሩታል።

እዚህ ላይ «እንግዲያስ እውነት ሁለት ነው፥ ለሁሉም እንደየአገሩ ነው» የሚል ይነሣል። መልሱን ከመጻሕፍት ትርጓሜ ቤት ማግኘት ይቻላል። መምህሩ «አንድም» እያለ ሁለትና ሦስት፥ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ የሚበልጥ ምስጢር ያወጣል፤ ነገር ግን አንድምታው ቢበዛ ንባቡ አንድ ነው፤ ንባቡን ያፈረሰ ተርጓሚ ከጉባኤው ይነሣል። እንደዚሁም ሣጥኖቹ በባሕር ዳር መሟሟታቸው፥ ዕፁም የተከለከለ መሆኑ፥ ብሩም መከፈሉ ንባብ ነው፤ ማንም አገር ሊለውጠው አይችልም። ምክንያቱን መተርጐም ግን አንድምታ ነው፤ ይህንም ለማመዛዘን የሁለቱን ወገን ቃል መስማት ያሻል።

ሁለተኛውን ምስክር የሰማ ሰው ሌላም ነገር ይማራል፤ በአንድ ሕዝብ ላይ በጅምላ መፍረድን ይፈራል። በ1840 በእንግሊዝ ፓርላማ ግላድስቶን የተባለው ወጣት እንደራሴ ያን ጦርነት ፍርድ የጐደለው ነው ብሎ ተቃውሞ ነበር፤ መንግሥትን የሚነቅፈውም ሐሳብ የወደቀው 271 በ262፥ በ9 ድምፅ ብልጫ ብቻ ነው። ስለዚህ «እንግሊዝ ሁሉ ግፈኛ ነው» የሚል ሰው ለቻይና የመሰከረ መስሎ፥ በራሳቸው አገር ለእውነት በቆሙት ሰዎች ላይ በሐሰት ይመሰክራል።

ፈረንሳዮችም በ1789 ሰው ሁሉ ነጻና እኩል ሆኖ እንደሚወለድ አወጁ። ይህንን ብቻ ያነበበ ያደንቃል፤ ማድነቁም ተገቢ ነው። ነገር ግን በዚያው ዘመን ግዛታቸው በነበረችው በሃይቲ ብዙ ሺሕ ባሮች ሸንኮራ ይለፉ ነበር። ባሮቹ በ1791 ተነሥተው በ1804 ነጻነታቸውን አቆሙ፤ በ1825 ግን የፈረንሳይ ንጉሥ የጦር መርከብ ልኮ ለቀድሞዎቹ ባለርስቶች ካሣ 150 ሚሊዮን ፍራንክ እንዲከፍሉ አስገደዳቸው፤ በ1838 ቢቀነስላቸውም ዕዳው ለብዙ ዘመን ተጫናቸው። ባሪያው የራሱን ነጻነት ዋጋ ለጌታው ከፈለ ማለት ነው። የፓሪስን አዋጅ ያለ ሃይቲ የሚያነብ ሰው ሰሙን ይዞ ወርቁን የጣለ ነው።

የዚህ ትምህርት ጫፍ ግን ወደ ሌላው ብቻ የሚያመለክት አይደለም። የሃይቲን ባሪያ እያነበበ የሚያዝን ኢትዮጵያዊ፥ በገዛ አገሩም ሰው ይሸጥና ይለወጥ እንደ ነበረ ሊዘነጋ አይገባውም። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. ወደ መንግሥታት ማኅበር ስትገባ ባርነትን ለማጥፋት መሥራት ግዴታዋ ሆነ፤ ባርነት በሕግ ፈጽሞ የተሻረውም በ1934 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ነው። ዜና መዋዕሉ የነገሥታቱን ስም ይቈጥራል፤ የተሸጠውን ልጅና የእናቱን ስም ግን አይቈጥርም። በውጫሌ ውል ላይ ሁለተኛው ምስክር እንዲሰማለት የጠየቀ ሰው፥ ያችን እናት ምስክር አድርጎ ካልጠራት ሚዛኑ ለመግዣና ለመሸጫ ሁለት ዓይነት ድንጋይ አለው ማለት ነው።

«ፍርድ የእግዚአብሔር ነው፤ ሰው ለምን ይህን ሁሉ ይደክማል?» የሚሉ ደጋግ ሰዎች አሉ። የነፍስ ፍርድ በእውነት የእርሱ ብቻ ነው፤ ሊን ዜሹም ግላድስቶንም የሃይቲ ባለርስቶችም በእርሱ ፊት ይቆማሉ። ነገር ግን ፍርዱ የእግዚአብሔር መሆኑ ሰውን ከምስክርነት አያድነውም። አንባቢ ሰውየውን ለመኰነን ሥልጣን የለውም፤ ሥራውን በስሙ ለመጥራት ግን ግዴታ አለበት፤ ግፍን «ንግድ» ዝርፊያንም «ካሣ» ብሎ ያለፈ ሁሉ ከግፈኛው ጋር ተባባሪ ይሆናልና።

ስለዚህ በየትምህርት ቤቱ የዓለምን ታሪክ የሚያስተምር መምህር የነገሥታቱን ስምና ዘመን ካስጠና በኋላ፥ ደቀ መዝሙሩን አንድ ጥያቄ ይጨምርበት፦ «ይህን ነገር ማን ጻፈው? የተጻፈበትስ ሰው ምን ይል ነበር?» ይህን መጠየቅ የለመደ ልጅ በሩቅ አገር ሰው ላይ ለመፍረድ አይቸኩልም፥ በገዛ ጐረቤቱም ላይ በሐሰት አይመሰክርም።