ነጋሪት መቺው እና ሁለቱ ሽማግሌዎች

በአንድ አገር አንድ ነጋሪት መቺ ነበር። ነጋሪቱ ከተሰማ ገበሬው ሞፈሩን፣ ሸማኔው መወርወሪያውን ጥሎ ለርዳታ ይወጣል። ያለ አደጋ እንዳይመታ ሁለት ሽማግሌዎች ግራ ቀኝ እጁን ይዘውት ይውላሉ። የሽማግሌዎቹ ዋና ሙያ ግን የወደቀን ማንሳት፣ የተጣመመን ማቃናት ነበር። እሳት ሲነሳ እጁን ለቀው ወደ ወደቁት ይሮጣሉ፤ እሱም ይመታል፤ ረዳት ይጎርፋል። የሚነሳ ሲያልቅ ሥራ የፈታው ተመልሶ እጁን ይይዛል።

አዲስ ሹም መጣና «ሁለት ብርቱ ሰው የአንድ ሰው እጅ ይዞ ይዋል? በጠፍር እሰሩት!» አለ። በበጋው እሳት ተነሳ። ሽማግሌዎቹ የአቅማቸውን አነሱ፤ ጠፍሩ ግን እሳት አያውቅምና አልለቀቀም፤ መንደሩ ነደደ። ሹሙ ተናዶ ጠፍሩን አስበጠሰ፤ «ማንም እንዳይዘው!» አለ። ነጋሪቱ ሌት ተቀን ተመታ። ረዳቱ ያለ አደጋ ጎረፈ፤ የቆሰለ ሽፍታ ሳይቀር በረዳቶቹ ተደግፎ ዳነ። ሹሙ ግራ ቢገባው ሽማግሌዎቹን አስጠራ። «ጌታዬ፣» አሉት፣ «እኛ የሚለቀቅበትን ቀን መርጠን አናውቅም። ሰው ሲወድቅ እንሄዳለን፤ ሰው ሲነሳ እንመለሳለን። የቀረውን ሥራው ራሱ ይወስነዋል።»

ምሳሌው ሲፈታ፣ አገሩ የሰው ሕዋስ ነው። ሽማግሌዎቹ ኤችኤስፒ 70 እና ኤችኤስፒ 90 የሚባሉ አጋዥ ፕሮቲኖች ናቸው፤ ቁጥሩ ክብደታቸውን በግምት በኪሎዳልተን ይነግራል። ነጋሪት መቺው ኤችኤስኤፍ 1 የሚባል ፕሮቲን ነው። በ37 ዲግሪ ተይዞ ይኖራል። ሙቀቱ ወደ 42 ሲወጣ ብዙ ፕሮቲኖች ቅርጻቸው ይበላሻል፤ አጋዦቹ ወደ እነዚያ ሲዞሩ እሱ ይለቀቃል። ሦስት ሆኖ ይጣመርና ኒውክለስ ውስጥ ዲኤንኤው ላይ ያርፋል፤ የአጋዦቹ ዘረመሎች ወደ አርኤንኤ ይገለበጣሉ። አዲሶቹ አጋዦች ሲበዙ መልሰው ይይዙታል። በብዙ የካንሰር ዓይነቶች ግን ያለ ሙቀትም እየሠራ የታመመውን ሕዋስ ደግፎ ያኖራል። የነገሩን ጫፍ መጀመሪያ ያየው ጣሊያናዊው ፌሩቾ ሪቶሳ ነው፤ የዝንብ ምራቅ ዕጢ ክሮሞሶም በሙቀት የተወሰነ ቦታው ላይ እንደሚያብጥ በ1962 እ.ኤ.አ. አሳተመ።

ሥልጣን ያለውን እጅ የሚይዝ ሰው ስትሾም የጡንቻውን ብርታት አትመዝን፤ ሰው ሲወድቅ ወዴት እንደሚሮጥ እይ።