የማናውቃት እህት ሐቅ

 

ዛሬ ትንሽ ስለምትመስል ነገር እናውራ፤ ስለ እጅ ሻንጣ።

ከጅዳ ወይም ከዱባይ ወደ አዲስ አበባ ስትመጣ ታውቀዋለህ። በዚህ መስመር የሚበሩ በርካታ አየር መንገዶች ለኢኮኖሚ ተሳፋሪ የሚፈቅዱት የእጅ ሻንጣ ክብደቱ 7 ኪሎ፣ ርዝመቱ 55 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ያንተ ግን ተወጣጥሮ 12 ኪሎ ደርሷል። ሲመዘን ግማሹን ዕቃ ጓደኛህ ይይዝልሃል፤ ሚዛኑን ካለፍክ በኋላ መልሰህ ትጠቀጥቀዋለህ። ምክንያትም አታጣም፦ «ኩባንያው ሀብታም ነው፤ አምስት ኪሎ ምኑን ይጎዳዋል?»

አስተውል! ከመቀመጫ በላይ ያለው የዕቃ ቦታ የተሳፋሪው ሁሉ የጋራ ነው። ያንተ ሻንጣ የሁለት ሰው ቦታ ሲይዝ፣ መጨረሻ ላይ የገባችው እህት ቦታ ታጣለች። ልኩን ጠብቃ የያዘችው ሻንጣ ከእጇ ተወስዶ ወደ ጭነት ክፍል ይወርዳል። አውሮፕላኑ ሲናወጥ ደግሞ ከባዱ ሻንጣ ወድቆ የሚመታው ከሥሩ የተቀመጠውን ነው፤ ባለቤቱን ላይሆን ይችላል።

የሚያስፈራው እዚህ ጋ ነው። በአንተና በአላህ መካከል ያለው ወንጀል በተውበት ይታበሳል ብለን ተስፋ እናደርጋለን። የሰው ሐቅ ግን ባለቤቱ ዐውፍ እንዲል ይፈልጋል። ያቺን እህት የት ታገኛታለህ? ቦሌ ወርዳ ከሕዝቡ ጋር ተቀላቅላለች። ስሟን እንኳ አታውቅም።

«ለእናቴ የያዝኩት ስጦታ ነው» ትል ይሆናል። መልካም ነው፤ ክፈልበት፣ ካልቻልክም ቀንስ። የእናት ስጦታ በሌላ ሰው ቦታ አይጫንም።

ነገሩ ለሠራተኛውም ነው። የሚያውቀውን ሰው አይቶ እንዳላየ አሳልፎ፣ ቋንቋ የማትችለዋን የቤት ሠራተኛ በር ላይ አስቁሞ የሚያስከፍል ሰው ሁለት ሚዛን ይዟል። ሕጉ ትክክል ቢሆንም እሱ በድሏል። 83ኛው ሱራ፣ ሱረቱል ሙጠፊፊን፣ ስሙን ያገኘው ሚዛን ከሚያጎድሉ ሰዎች ነው። የገበያ ነጋዴን ብቻ ይመለከታል ብለን አንለፈው።

በሚቀጥለው ጉዞህ ሻንጣህን ከቤት ሳትወጣ መዝነው። አላህ የሰው ሐቅ ተሸክመን ፊቱ ከመቆም ይጠብቀን። አሚን።