ያዩትን ፊልም ስለ መግዛት

መጽሐፍ የሚገዛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚገዛው ገና ሊያነበው ነው። ፊልም ገዝቶ በቤቱ መደርደሪያ የሚያኖር ሰው ግን ብዙውን ጊዜ የሚገዛው አስቀድሞ ያየውን ነው። መነሻውንና መድረሻውን፣ ማን እንደሚሞትና ማን እንደሚተርፍ ያውቃል። ታዲያ ገንዘቡን የሚያወጣው ለምንድን ነው? ጥያቄው የገበያ ቢመስልም በመሠረቱ የሕሊና ጥያቄ ነው።

ፊልም ለረጅም ዘመን የአዳራሽ ጥበብ ነበር። ተመልካቹ በተወሰነለት ሰዓት ይገባል፤ መብራት ሲበራ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ የሚቀርለት ትዝታው ብቻ ነበር። የጃፓን ኩባንያዎች፣ ሶኒ እ.ኤ.አ. በ1975 ቤታማክስን፣ ጄቪሲ ደግሞ በ1976 ቪኤችኤስን ለገበያ ባቀረቡ ጊዜ ግን በሰዓቱ ላይ የማዘዝ ሥልጣን ከሲኒማ ቤቱ ወደ ተመልካቹ እጅ ተሻገረ። ማቆም፣ ወደ ኋላ መመለስ፣ መድገም ተቻለ። እንግዲህ ገዥው የሚከፍለው ለታሪኩ ሳይሆን ወደ ታሪኩ ለመመለስ መብት ነው።

ወደ ምን ይመለሳል? መደርደሪያውን እንደ ሳሎን ጌጥ ለእንግዳ ዓይን የሚሞላ ሰው መኖሩ አይካድም፤ ስለ እርሱ ብዙ መናገር አያሻም። ለሳቅና ለመዝናናት የሚገዛውም ምክንያቱ ግልጽ ነው። ይበልጥ ሊያነጋግረን የሚገባው የሚያሳምመውን ፊልም የሚገዛው ሰው ነው።

ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. በ1993 ለሕዝብ ያቀረበውን «ሳንኮፋ»ን እንውሰድ። በጋና የባሕር ዳርቻ ካለ የባሪያ ንግድ ምሽግ ተነሥታ ወደ ባርነት ዘመን የተመለሰች ሴት ታሪክ ነው። በአሜሪካ ትላልቅ አከፋፋዮች ፊልሙን ባለመቀበላቸው ደራሲው አዳራሽ እየተከራየ ከከተማ ከተማ አሳየው። በኋላም ከባለቤቱ ከሺሪኪያና አይና ጋር በዋሽንግተን፣ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ አቅራቢያ፣ በፊልሙ ስም የተሰየመ የቪዲዮና የመጻሕፍት መደብር ከፈቱ። ሳንኮፋ በአካን ሕዝብ ቋንቋ «ተመልሰህ አንሣው» ማለት ነው። ይህ አንድ ቃል የጥያቄያችንን መልስ ግማሽ ይዟል። ሰንሰለትና ግርፋት የሞላበትን ፊልም ጊዜ ለማሳለፍ ብሎ ቤቱ የሚያስገባ የለም። እንዲህ ያለ ፊልም የሚገዛ ሰው ምስክር ይገዛል፤ ልጁ አንድ ቀን ሲጠይቅ መልሱን ከገዛ ቤቱ እንዲያገኝ።

የእንዲህ ያለው ጥበቃ ፍሬ ከአንድ ቤት ግድግዳ አልፎ የሚሄድበትም ጊዜ አለ። ፍሪትስ ላንግ የሠራው «ሜትሮፖሊስ» እ.ኤ.አ. በ1927 በርሊን ላይ ከታየ በኋላ፣ ለንግድ እንዲመች ተብሎ ብዙ ክፍሉ ተቆረጠ፤ የተቆረጠውም ለሰማንያ ዓመታት ያህል ጠፍቶ ቆየ። በ2008 ግን የተሟላ ለመባል የሚቀርብ ቅጂ በቦነስ አይረስ የፊልም ሙዚየም ተገኘ። የዚህ ቅጂ ምንጭ የሆነው ፊልም በማኑኤል ፔኛ ሮድሪጌስ፣ በአንድ አርጀንቲናዊ የፊልም ሐያሲ የግል ስብስብ ውስጥ የኖረ ነበር። ባለሀብቶቹ የቆረጡትን አንድ ወዳጅ ጠበቀው፤ ሥራውም በ2010 ታድሶ ለዓለም ቀረበ።

ነገር ግን ጥበቃና ስስት ድንበራቸው ቀጭን ነው። ማንም የማያየው ስብስብ የጋን ውስጥ መብራት ነው። ሐያሲው የያዘው ፊልም ከሳጥኑ ባይወጣና ወደ ሕዝብ ቤተ መዘክር ባይደርስ ኖሮ ጠፋ ከሚባለው በምን ይለይ ነበር? የባለቤትነት ትርጉም በማካፈል ይፈተናል። ሌላም ግዴታ አለ፤ የተሰረቀ ቅጂ የሚገዛ ሰው ወዳጄ የሚለውን የኪነ ጥበብ ሠራተኛ እንጀራ ይነጥቃል። በአገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የወጣው ይህንኑ ለመከላከል ነው፤ ሕግ ግን ያለ ገዥው ሕሊና ብቻውን አይቆምም።

ዛሬ ወርኃዊ ክፍያ ከፍሎ በኢንተርኔት ማየት ተለምዷል። ምቾቱ እውነት ነው። ሆኖም በዚያ ዝርዝር ውስጥ ዛሬ ያለ ፊልም ውሉ ሲያበቃ ነገ ላይኖር ይችላል፤ የመመለስ ሥልጣኑም ተመልሶ ወደ አከፋፋዩ እጅ ገብቷል። ስለዚህ መምህሩም፣ አርቲስቱም፣ የባህል ሠራተኛውም ራሱን ሊጠይቅ ይገባል፦ ነገ ቢጠፋ ልጆቻችን የሚጎዱበት ሥራ የትኛው ነው? እርሱን ገዝቶ ያኑር፤ አኑሮም በሩን ከፍቶ ጎረቤቱን ይጥራ።