ስለ መምህርና ስለ መሣሪያው

እ.ኤ.አ. በ2012 በአሜሪካዊው በኒኮላስ ኔግሮፖንቴ የሚመራው «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» የተባለው ድርጅት፣ በወንጪና በስምጥ ሸለቆው በወለንጪቲ ፊደል ላልቆጠሩ፣ በየመንደሩ 20 ለሚያህሉ ሕፃናት በካርቶን የታሸገ ታብሌት አድሎ፣ ያለ መምህርና ያለ መመሪያ እንደ ተዋቸው፣ አንዱ ሕፃንም በ4 ደቂቃ ውስጥ ካርቶኑን ከፍቶ ማብሪያውን እንዳገኘ፣ በሁለት ሳምንት ልጆቹ የእንግሊዝኛውን ፊደል በዜማ እንዳወረዱት፣ በ5 ወር ውስጥ ደግሞ ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ በራሳቸው ብልሃት እንዳስከፈቱት፣ ኔግሮፖንቴ በጊዜው ተናግረው ብዙ ሰው አስደንቀው ነበር። የሕፃናቱን ልቡና አልጠራጠርም፤ የወንጪ ልጅ ከቦስተን ልጅ በአእምሮ አያንስምና። ሆኖም በዚያው ዜና ውስጥ ብዙዎች ሳያስተውሉት ያለፉት ነገር አለ። የመንደሩ አዋቂዎች መሣሪያውን በፀሐይ ኀይል መሙላት አስቀድመው ተምረዋል፤ በየሳምንቱም አንድ ባለሙያ እየመጣ የልጆቹ ሥራ የተመዘገበበትን ካርድ ይለውጥ ነበር። እንግዲህ «ያለ ሰው» የተባለው ትምህርት ሰው አልተለየውም፤ የጠፋው መምህሩ ብቻ ነው። ታዲያ መምህር በሌለበት የተገኘ ዕውቀት በሰው ልቡና ማኅደር አግኝቶ ይጸናልን?

ለዚህ ጥያቄ ሩቅ ሳንሄድ የምናመጣው ምስክር የሐዋርያት ሥራ በምዕራፍ 8 የሚያወሳው የህንደኬ ጃንደረባ ነው። ያ ኢትዮጵያዊ መጽሐፍ አልቸገረውም፤ የንግሥቲቱ የገንዘብ ሹም ነበርና፣ በሠረገላው ተቀምጦ፣ ከኢየሩሳሌም ወደ ጋዛ በሚወስደው መንገድ የነቢዩን የኢሳይያስን መጽሐፍ ዘርግቶ ያነብ ነበር፤ ሀብቱም፣ ጊዜውም፣ ንባቡም አልጎደለበትም። ፊልጶስ በቀረበው ጊዜ ትርጓሜውን ከማዝነቡ በፊት ያደረገው፣ የሚያነበውን ያስተውለው እንደ ሆነ መጠየቅ ነው፤ ጃንደረባውም ሹመቱ ሳይከለክለው መሪ እንደሚሻ መለሰለት። ከዚያ በኋላ የሆነውን ግን ሰባኪዎቻችን ሲያብራሩት እምብዛም አልሰማሁም፦ ተጠምቆ ከውኃው እንደ ወጣ የጌታ መንፈስ ፊልጶስን ነጠቀው፤ ጃንደረባው ዳግመኛ አላየውም፤ ደስ እያለው መንገዱን ሄደ እንጂ። ፊልጶስ ጠይቆ ሰማ፣ አስተምሮም ተለየ፤ እኔ መምህር የምለው ሁለቱን የፈጸመውን ነው።

የመጀመሪያው፣ ጠይቆ መስማት፣ ሲጎድል ምን እንደሚሆን አገራችን በብዙ ገንዘብ ተምራዋለች። በ1997 ዓ.ም. አካባቢ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የገባው የፕላዝማ ትምህርት በሳተላይት እየተላለፈ በየክፍሉ ይደርስ ነበር። በመስኮቱ ውስጥ ያለው አስተማሪ በእንግሊዝኛ ይጠይቃል፤ ለመልሱ የተቆረጠች ጊዜ ይሰጣል፤ ጊዜዋ ስታልቅ መልሱን ራሱ ተናግሮ ያልፋል፤ ከክፍሉ አንድ ተማሪ እንኳ ይጻፍ አይጻፍ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። የሚያውቀው የክፍሉ መምህር ደግሞ ሪሞት ያዥ ሆኖ ከጥግ ቆሟል።

አሁን ግን ነገሩ ተለውጧል። ከኅዳር 2015 ዓ.ም. ወዲህ የመጡት ቻትጂፒቲና መሰሎቹ ተማሪው የጻፈውን ያነባሉ፣ ለጥያቄው ይመልሳሉ፣ መቶ ጊዜ ቢጠየቁ አይሰለቹም፤ የየኔታን አለንጋ የቀመሰ ሰው ይህን ትዕግሥት አይንቀውም። ስለዚህ «መሣሪያ አይሰማም» የሚለው የቆየ ክርክራችን ወድቋል፤ መውደቁንም በግልጽ ማመን ይገባናል። ያልወደቀው ሁለተኛው ነው፤ መሣሪያው መለየትን አያውቅም።

የቅኔ ቤትን ሥርዐት እንመልከት። ተማሪው ከጓደኞቹ ተለይቶ፣ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ፣ ሰሙን ከወርቁ እያስማማ ቅኔ ሲቆጥር ይውላል፤ ጊዜው ሲደርስም ከመምህሩ ፊት ቀርቦ ባለ ሁለት ቤቷን ጉባኤ ቃና ይነግራል። ምሥጢሯ ከጎደለ ወይም ቤቷ ካልመታ መምህሩ ይጥልበታል፤ እርሱም ሌላ ሊቆጥር ይመለሳል። መምህሩ ያችን ጉባኤ ቃና በአንድ ትንፋሽ ሊዘርፋት ይችል ነበር፤ ተማሪው ከራሱ ልቡና እስኪያፈልቃት ድረስ ግን አፉን ይዞ ይጠብቃል። ተማሪው ሞልቶ ሲገኝም መርቆ ያሰናብተዋል። መሣሪያውን ግን ጉባኤ ቃና ብትለምነው ሳያንገራግር ይሰጥሃል (ግእዙ የተሰበረ፣ ቤቱም የማይመታ ቢሆን እንኳ)፤ ነገም፣ ከነገ ወዲያም ይሰጥሃል፤ የሠሪዎቹ ጥቅም ደንበኛቸው እንዲመላለስ ነውና የምረቃ ቀን አይቆርጡልህም።

ይህን ስል ርቀትን መንቀፌ አይደለም። በአሜሪካና በአውሮፓ ላሉ ልጆች በዙም ፊደል የሚያስቆጥሩ ካህናት አሉ፤ ልጁ ሲስት የሚያርመው፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ቢቀርም ለምን እንደ ቀረ የሚጠይቀው ሰው ነው፤ እርሱ በሽቦም ቢመጣ መምህር ነው። መምህር ፈጽሞ ላልደረሰበት መንደርም ታብሌቱ ከምንም ይሻላል፤ የሚያሳዝነኝ ከምንም የተሻለው ነገር ለሁሉ የሚበቃ መስሎ ሲታይ ነው። የትምህርት ቤት ሹማምንት ሆይ፣ የመሣሪያው ዋጋ በበጀቱ ከመጻፉ አስቀድሞ የመምህሩ ደመወዝ ይጻፍ። አንተም ወላጅ፣ ልጅህ ከስልኩ የተማረውን ማታ ስልኩን ዘግቶ በራሱ ቃል እንዲነግርህ ጠይቀው፤ ቢደናቀፍም መልሱን ፈጥነህ አታቀብለው።